አራተኛው ጠጠር

ክረምቱ ሲወጣ፣ ቀሃ ሲጎድል፣
አራት ጠጠር ለቀምሁ፣ እንቁላል የሚያህል፤
በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁ፣
ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ደርድሬ አስቀመጥሁ።

ልጆቼ ትንንሽ ናቸው፣ የአምስት፣ የስድስት ዓመት፤
ወሬ አያልቅባቸው፤ ግን ወሬ ሌላ ነው፣ ሌላ ነው ተረት።
«ተረት ተረት» ስል «የላም በረት!» ይላሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፤
በረቱ ተከፈተ፤ ላሟስ የታለች? ማንም አልነዳትማ።

ይትባረክ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠርጎ
«ጅቡ ሞተ!» ብሎ ተቀመጠ፣ ሥራውን ሁሉ አድርጎ።
የትኛው ጅብ? የት? በምን ሞተ? ማን ገደለው?
እኛ ገና አልጀመርን፤ እሱ ቀብሮት ድንኳኑን ነቀለው።

ትብለጥ ደግሞ «ከዛ» የሚባል ገመድ አላት፤
«ከዛ ሄደች፣ ከዛ መጣች፣ ከዛ በላች፣ ከዛ…» ውሃ እስኪጠማት።
ማክሰኞ የተነሣች ፍየሏ ሐሙስም ገደሉን አልወረደች፤
«ቃሉን ተይው» አልኋት። አኮረፈች፣ ከፍየሏ ጋር ሄደች።

ስለዚህ ጠጠሮቹ። አንደኛው፦ ማን ነበር? የት ነበር?
ሁለተኛው፦ ምን ፈለገ? ምንም ያልፈለገ ሰው አይወጣም ከበር።
ሦስተኛው ሸካራ ነው፣ ሆን ብዬ የመረጥሁት፤
እንቅፋቱ እሱ ነው፣ «እዚህ ላይ ይደናቀፍ!» ያልሁት።
አራተኛው ክብ ነው፣ ከመዳፍ ሙልጭ የሚል፤
«እንዴት ሆነ?» ነው እሱ፤ ያስቀመጠው «ተረቴን መልሱ» ይበል።
ጠጠሩን ሳትነካ አፍህን አትክፈተው፤
የኋላዋ ኢክራም ካልሰማችህ፣ ተረትህን ኪስህ ክተተው።

እኔም አጠፋለሁ። አንድ ቀን ቸኩዬ
የይትባረክን ጅብ እኔው ጨረስሁለት፣ ከአፉ ተቀብዬ።
ዓይኑ እንባ ሞላ። «የኔ ጅብ እኮ ይቅርታ ጠይቆ ነበር ሊሄድ።»
ከዚያ ወዲህ ምላሴን ነክሼ እጠብቃለሁ፣ ዝምታው ቢረዝም፣ ቆርቆሮው ቢነድ።

ወሩ ሲጋመስ የክፍሉ ነገር ተለወጠ፤
ደጅ የቆመ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ አደመጠ።
ኢክራም፣ ያዲስ ዓለሟ፣ አንዲት ድመት አመጣች፣
ጢሟን ከልብስ ሰፊው ቤት ረስታ የወጣች፤
ሸካራው ጠጠር ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣
(ይህን አላስተማርኋትም)
ክፍሉ አንገቱን አሰገገ፤ ድመቷ በጨለማ መንገዷን ፈለገች።

ምንይችል ብቻ ቀረ፤ ከመስኮቱ ሥር፣
ስሙን ስጠራው በቅንድቡ የሚናገር።
አንድ ዓርብ ተነሣ። አንደኛ፦ «አባቴ ነበር። ቤታችን ቀሃ ማዶ።»
ሁለተኛ፦ «ሰሊጥ አጭዶ ጫማ ሊገዛልኝ ሄደ፣ መተማ ወርዶ።»
ሦስተኛ፦ ሸካራውን በሁለት እጁ ያዘ። ቆየ። «መንገዱ ተዘጋ።»
አራተኛውን አነሣ፤ ሳንጠራራ ክፍሉ ሁሉ ወደ እሱ ተጠጋ።

አላስቀመጠውም። አየኝ። አየሁት።
«መጨረሻ የሌለው ተረት የለም» ስል የከረምሁ እኔ አፌን ያዝሁት።
ጠጠሩን ኪሱ ከተተው። ክፍሉ ጸጥ አለ።
ትብለጥ «ከዛ…» አለች፤ ያ የከለከልኋት ቃል ባየር ተንጠለጠለ፤
ገመዷን ወረወረችለት፣ ጫፉን ይዞ እንዲቆይ።
ማንም አልሳቀ፤ ማንም አልጠየቀ፤ ሁሉም በር በሩን ሲያይ።

አሁን ከሰሌዳው ሥር ሦስት ጠጠር አሉ።
«አራተኛውስ?» ላለ እንግዳ፣ ልጆቹ «ምንይችል ጋ ነው፣ ገና ነው» ይላሉ።
ቀሃ ሩቅ አልነበረም፣ ሌላ ለቅሞ ለመተካት፤
ግን ሲሮጥ ከኪሱ፣ ከብይ ጋር ሲጋጭ እሰማዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት።